ባለቤት ማን ይባላል?

ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ከተደረደሩት ጠባብ ሱቆች በአንዷ ውስጥ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ የተማሪ ጽሑፍም እተይባለሁ። ሰኔ ሲመጣ ሥራዬ ይበዛል። ተመራቂዎቹ ወረቀታቸውን ታቅፈው እየተሯሯጡ ይመጣሉ፣ ቀለም አለቀ ሲባሉ ሊያለቅሱ ይደርሳሉ፣ ዝናቡ ደግሞ ሁሉንም ደጃፌ ላይ አጨናንቆ ያቆማቸዋል። እኔም እየተቆጣሁም እየሳቅሁም አስተናግዳቸዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሰላም የምትባል ተማሪ መጣች። ቀጭን፣ ችኩል፣ አፏ ከእግሯ የሚቀድም ልጅ ናት። ሁለት ገጽ መጠይቅ እንዳባዛላት ሰጠችኝና «እትዬ፣ እርስዎም አንድ ይሙሉልኝ። በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሴቶች አንሞላም እያሉ አስቸገሩኝ» አለችኝ። «በእርስዎ ዕድሜ» የሚለውን ዋጥ አድርጌ ምን እንደምታጠና ጠየቅኋት። «በዚህ ዘመን ሥልጣኑ አሁንም በአብዛኛው በወንዶች እጅ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነው» አለች። ከምሳ በኋላ እንደምትመለስ ነግራኝ ቦርሳዋን በራሷ ላይ ይዛ በዝናቡ ውስጥ ሮጠች።

መነጽሬን አድርጌ አንዱን ወረቀት ሳብኩ። ዕድሜ። የትምህርት ደረጃ። ሥራ። አራተኛው መስመር ላይ ደግሞ «የባለቤት ሥራ» ይላል፤ ከጎኑ ነጠብጣብ ተደርድሯል። እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ቆመ። ዋናው ጥያቄ፣ የሥልጣኑ ነገር፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። እኔ ግን ከአራተኛው መስመር ማለፍ አቃተኝ። ይህን ቃል በገዛ እጄ አንድ ጊዜ መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የጻፍኩት እጅ ደግሞ ይኸው አሁንም እስክሪብቶ ይዟል።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥቡ ስላልመጣልኝ ከጎንደር ተነሥቼ ወደ መንደራችን ተመልሻለሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ አውቶቡስ ወርዶ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ አገር ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ያው ውርጭ ቀልጦ ጫማ ያረጥባል። የባቄላው እሸት ደርሷል፣ ገብሱ ወደ ቢጫነት ሄዷል። መሬት ይለካ የሚለው ትእዛዝ የወረደው በዚያ ሰሞን ነው። የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ተለክቶ በስሙ ይመዘገባል፣ ከዚያም አረንጓዴ ደብተር ይሰጠዋል ተባለ። ሰው በአባቱ ቃልና በጎረቤቱ ምስክርነት ብቻ ይዞት የኖረው መሬት ወረቀት ላይ ሊሰፍር ነው።

ኮሚቴ ተመረጠ። ሊቀመንበሩ አያ መኮንን ነበሩ፤ ረጅም፣ ረጋ ያሉ፣ ልጅ ሲያዩ ኪሳቸውን ፈትሸው ቆሎ የሚሰጡ ሽማግሌ። ከአባላቱ አንዷ ሴት ትሁን የሚል መመሪያ ስለነበረ አንዲት ሴትም ተመርጣለች። እሷም ገመዱ በሚዘረጋበት ቀን ሁሉ ጠላና ዳቦ ተሸክማ ትመጣለች፣ ሰዎቹን ታስተናግዳለች፣ ቃለ ጉባኤው ላይ በጣቷ ትፈርማለች፣ ባዶ እንስራዋን አዝላ ትመለሳለች። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዛት ሰው አልነበረም። ሪፖርቱ ላይ ግን የሴት ተሳትፎ ተብላ ተቆጥራለች።

እኔን ያስመረጠኝ የእጅ ጽሑፌ ነው። ፊደሌ ያምር ነበር፤ አሁንም ያምራል፣ ማን አይቶልኝ። አያ መኮንን መዝገቡን ሲያስረክቡኝ «ልጄ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ሥራ ካቀረብን ወረዳው ለቋሚ ሥራ ይወስድሻል። እኔው ራሴ እነግርልሻለሁ» አሉኝ። ለአንዲት ነጥብ ላጣች ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስርዝ ድልዝ የሚባል ነገር እንደ እባብ እፈራ ጀመር። ይህ ፍርሃት ሕይወት አበላሽቷል። የእኔን ግን አይደለም።

የታተመው ቅጽ መንደሩን ሳያጋምስ አለቀ። ሌላ እስኪመጣ በባዶ መዝገብ ላይ እያሰመርሽ ቀጥዪ ተባልኩ። በታተመው ቅጽ ላይ የመጀመሪያው ዓምድ «ባለይዞታ» ይል ነበር፤ ቃሉ ለገበሬው አልገባ ብሎ ስንት ቀን አድርቆኛል። «ባለይዞታ ማን ይባላል?» ስለው አንዱ «ምን ይዤ ተገኘሁ?» ብሎ ይደነግጣል፤ ሌላው ዞሮ ከኋላው ያለውን ሰው ያያል። እኔ ብልጧ እንግዲህ በራሴ መዝገብ ላይ ቃሉን ለወጥኩትና «ባለቤት» ብዬ ጻፍኩ። ባለ ንብረት ማለቴ ነው፤ የበጉ ባለቤት፣ የቤቱ ባለቤት እንደሚባለው። አያ መኮንን አይተው «ሸጋ አድርገሻል፤ ይኸ ለሁሉም ይገባዋል» አሉኝ።

እውነትም ለሁሉም ገባው። ለወንዶቹ በአንድ በኩል ገባቸው፣ ለሴቶቹ በሌላ በኩል።

አክስቴ ብርቄ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እታለም እያልኩ ነበር የምጠራት። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ጎንደር ያስተማረችኝ እሷ ናት። በየሳምንቱ አውቶቡስ ላይ በሶና ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ትልክልኝ ነበር። ሽንኩርቱ የሚበቅለው ምንጩ ዳር በሚባለው ማሳዋ ላይ ነው። ከአባቷ፣ ማለትም ከአያቴ፣ የወረሰችው ጥቁር አፈር ነው፤ በጋም ክረምትም አይደርቅም። በእኛ አገር ግን ሴት አታርስም። መሬት ያላት ሴት ወይ ምርቱን የሚካፈላት እኩል አራሽ ትፈልጋለች ወይ ባል ታገባለች። እታለም ከብዙ ዓመት ብቸኝነት በኋላ ጫኔን አገባች። ጫኔ ከሩቅ አገር ከአንድ ጋቢ በቀር ሳይዝ የመጣ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እርሻም የሚያውቅ ሰው ነበር። ልጅ አልወለዱም፤ ግን ሰላም ነበሩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእታለም ዕድሜ ሴቶች ባላቸውን በስሙ አይጠሩም። ቤት ውስጥ «አንተ» ነው፤ ሰው መሐል «እሱ» ወይም «ባለቤቴ» ነው። ስሙን በአደባባይ መጥራት እንደ መዳፈር ይቆጠራል። እኔ ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አውቀዋለሁ እንጂ ያን ቀን መች አሰብኩት?

ምዝገባው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር ነበር። እታለም ተራዋ ሲደርስ የታጠበ ቀሚሷን ለብሳ፣ በማር የተለወሰ በሶ በሳህን ሸፍናልኝ መጣች። ጫኔ ከለኪዎቹ ጋር ገመድ ሊጎትት ወርዶ ስለነበር ብቻዋን ናት። ከኋላዋና ከጎኗ ወንዶች ቆመዋል።

«ባለቤት ማን ይባላል?» አልኳት፣ ቀና ሳልል፣ ለሁሉም እንደምለው።

ቀና ስል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

«ምነው አንቺ ልጅ! ታውቂው የለ እንዴ?»

«አውቃለሁ፤ ከራስሽ አፍ መስማት አለብኝ። ደንብ ነው እታለም።»

«ኧረ በሰው ፊት! እንዴት አድርጌ?»

ወንዶቹ ሳቁ። አያ መኮንንም ሳቁና «ዛሬስ አታመልጪም ብርቄ፤ ጥሪው እንግዲህ» አሏት። እኔም ሳቅሁ። እታለም ፊቷን ወደ ጥዱ አዞረች፤ ከዚያም በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ጫኔ ተገኘ» አለች። ያን ስም ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጻፍኩት። ባለቤት፣ ጫኔ ተገኘ። የማሳው ስም፣ ምንጩ ዳር። የ«ጫ»ን እግር እንዴት አሳምሬ እንደጻፍኩት ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። መሬቱ የእሷ እንደሆነ አገር ያውቃል፣ እኔም በላዩ ላይ በበቀለ ሽንኩርት ተምሬያለሁ፤ እጄ ግን የተባለውን ጻፈ። እታለም ቀለም የነካውን ጣቴን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋልኝ፣ ሳህኑን አስቀምጣልኝ ሄደች። በሶውን እየበላሁ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

ነገሩ የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቅሬታ ያለው እንዲናገር መዝገቡ ለሕዝቡ ይነበብ ተባለ፤ አንባቢዋም እኔ ነኝ። «ባለቤት፣ ጫኔ ተገኘ፤ ማሳ፣ ምንጩ ዳር» ብዬ ስጮህ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ሴቶቹ ወደቆሙበት ወደ ኋላ አየሁ። እታለም ፈገግ ብላለች፤ ቤቴ ተጠራ ብላ ደስ ብሏታል፤ ቤት ሲጠራ በወንዱ ስም መጠራቱ አዲስ ነገር አይደለማ። ጫኔን አየሁት። እሱ መሬት መሬት ያያል። እሱ ገብቶታል፤ ከእኛ ሁሉ ቀድሞ ገብቶታል።

ቤት ገብቼ መዝገቡን አገላበጥኩ። ብቻዋን የመጣች ሴት ሁሉ ለዚያች ጥያቄ የባሏን ስም ሰጥታኛለች። አንዷማ ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ እንባዋን እየጠረገች የሟቹን ስም ስትነግረኝ እኔ ደግሞ አዝኜ ጽፌላታለሁ። መሬቱን ለሙት ሰጥቼው አረፍኩ። ወንዶቹን ተመለከትኩ፤ ባለቤት ማን ይባላል ተብሎ የሚስቱን ስም የጠራ አንድ ወንድ አልነበረም። ወንድ ባለቤት ሲባል ራሱን ይሰማል፤ ሴት ባሏን። ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሴት ነኝ፤ እኔም እንኳ የሰማሁት በወንዶቹ ጆሮ ነበር።

በማግስቱ አያ መኮንን ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«አያ መኮንን፣ መዝገቡ ስህተት አለበት» አልኳቸው፤ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳሁ።

በትዕግሥት ሰሙኝ። «ታዲያ ጫኔ ባሏ አይደለም?» አሉኝ።

«ነው። መሬቱ ግን የእሷ ነው።»

«ባልና ሚስትን ምን ለያቸው ልጄ? አሁን ብትሰርዥው ስሜ ለምን ተፋቀ ብሎ ይነሣል፤ ደህና የተቀመጠ ትዳር ማፍረስሽ ነው። ወረዳውም ስርዝ ድልዝ ያለበትን አይቀበል። ተይው። አብረው እየበሉት አይደል?»

«የሟቹስ?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱስ እውነትሽን ነው፤ ሙት ግብር አይገብር። እሱን ሰርዘሽ ለልጁ አድርጊው።»

የሟቹን ስም ሰርዤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ስም ጻፍኩ፤ እሳቸው ከጎኑ ፈረሙበት፤ ወረዳውም ምንም ሳይል ተቀበለው። ለዚያኛው ስርዙ አልከበደም። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ ለእታለም መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም። ሥራውን ፈልጌው ነበር፤ አያ መኮንን ቃላቸውን ይዘው እንዲያናግሩልኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸውም ቃላቸውን አላጠፉም፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ መዝገብ ቤት ገባሁ፣ በመጀመሪያ ደመወዜ ለእታለም ነጠላ ገዛሁላት። ያን ነጠላ ለብሳ ባየኋት ቁጥር ዓይኔን ወደ ሌላ አዞር ነበር።

በአራተኛው ዓመት ጫኔ ከአገሩ ሌላ ሴት ይዞ መጣ። እታለም በቃኝ፣ ውጣልኝ አለች። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እኔም ተጠርቼ ከአምባ ጊዮርጊስ መጣሁ። ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር። «ይኸ የአባቴ መሬት ነው። እሱ በአንድ ጋቢ መጣ፣ በጋቢው ይሂድ» አለች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁሉም ያውቀዋል። ጫኔ ከኮቱ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለውን አረንጓዴ ደብተር አወጣና «የሚያነብ ያንብበው» ብሎ መሐል ላይ አስቀመጠ።

እታለም ደብተሩን አንሥታ ለእኔ ሰጠችኝ። «አንብቢላቸው የኔ ሆድ» አለችኝ። እየኮራችብኝ ነው።

አነበብኩ። ከእኔ መዝገብ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? «ባለቤት፣ ጫኔ ተገኘ።»

ወደ እኔ ዞረች። «እንዴ! ባለቤትሽ ማን ነው አልሽኝ እንጂ መሬቱ የማን ነው ብለሽ መች ጠየቅሽኝ?»

ከዚያ አያ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ረጋ ብለው፣ «ብርቄ፣ ራስሽ ነሽ ያስመዘገብሽው። ከጥዱ ሥር በጆሯችን ሰምተናል» አሏት። አልዋሹም። ሰምተዋል። እኔ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ቃሉን የለወጥኩት እኔ ነኝ ብዬ ተነሣሁ። አንደኛው ሽማግሌ «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለኝ። አያ መኮንንን አየኋቸው፤ በረንዳው ላይ የተነጋገርነውን ይነግሯቸዋል ብዬ። እሳቸው ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ ዝንብ ያባርራሉ።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ክፉን ሰው እጠላና አርፋለሁ። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ ልጅ ሲያዩ ኪሳቸውን የሚፈትሹ ሰው ነበሩ፤ የእታለም ነገር ሲነሣም ከልባቸው ያዝኑ ነበር አሉ። ያቺን አንዲት መስመር በእስክሪብቶ መሰረዝ ግን ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸዋል። ስለ ሥልጣን ሲወራ እኔ የሚታየኝ ጠመንጃም ወንበርም አይደለም፤ ያ ፀሐይ የሚሞቅበት በረንዳ ነው።

እታለም ከሰሰች። ሁለት ዓመት ተመላለሰች፤ ምስክሮቿ የጥዱን ቀን ከመድገም አላለፉም። በመጨረሻ በስምምነት ከገደሉ አፋፍ ያለች ድንጋያማ ቁራጭ ተሰጠቻት፤ እሷም ለበጎች ትታላቸው ወጣች። እኔም ሥራዬን ለቅቄ ይዣት ጎንደር መጣሁ። እዚሁ ማራኪ አንድ ክፍል ተከራይተን እኔ መተየብ ጀመርኩ፣ እሷ የተማሪ ልብስ ታጥብ ጀመር። ለአሥራ አራት ዓመት አጠበች። እጇ በሳሙና ተልጦ እንጀራ ሲቆርስ ይቃጠል ነበር። አራዳ ወርደን ገበያ ስንገባ ከአገራችን ከወገራ የመጣ ነጭ ሽንኩርት ካየች ቆማ ታነሣዋለች፣ ሥሩ ላይ የቀረውን አፈር ታሸተዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ባለ ሽንኩርቶቹ የማትገዛዋ ሴትዮ ይሏት ነበር።

አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልብስ እያሰጣች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እኔ እኮ ስሙን ጠርቼ አላውቅም ነበር» አለች። ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው።

ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩት። «በዘመናዊው ኅብረተሰብ ውስጥ አብዛኛው ሥልጣን አሁንም በወንዶች እጅ ነው።» በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም፣ እያለ ይወርዳል። አሁን እንግዲህ በሕግ ሁሉም እኩል ነው። ሴት ኃላፊ አለች፣ ሴት ዳኛ አለች፣ የዚህ ሱቅ ፈቃድም በእኔ ስም ነው፤ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ወር ሱቅ የሚቆጣጠር አንድ ሸጋ ወጣት ገብቶ ከፈቃዱ ሥር ቆሞ «ባለቤቱ የሉም?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። «አይ፣ ባለቤቱን ማለቴ ነው» አለኝ፣ በትሕትና። በጣም እስማማለሁ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ምልክቱ ትንሽ ሆነብኝ።

ሰላም ከምሳ በኋላ እርጥብ ሆና ተመለሰች። «ልጄ፣ ይህችን ባለቤት የምትለዋን ቃል የትዳር ጓደኛ በያት። አሁኑኑ እተይብልሻለሁ፣ ምንም አላስከፍልሽም» አልኳት።

«ለምን እትዬ? ለሁሉም ይገባዋል እኮ» አለች፤ ሰዓቷን አየት አድርጋ። «ደግሞ አማካሪዬ አይቶ አጽድቆታል። እባክዎ እንዳለ ያባዙልኝ።»

እንዳለ አባዛሁት። ማሽኑ ያንኑ ቃል እየደጋገመ ሲተፋ ቆሜ አየሁት። ክምሩን ስታቅፍ እኔ የሞላሁትን ወረቀት ከላይ አድርጌ ሰጠኋት። የባለቤት ሥራ ከሚለው ጎን፣ በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ፣ «ልብስ አጣቢ ነበረች» ብዬ ጽፌያለሁ።

አንብባ ሳቅ አለች። «ተሳስተዋል እትዬ» አለችኝ በደግ ፊት፤ እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ መዝዛ «ች»ዋን ሰረዘቻት።